ስልክ ሲቀየር የጠፋው መረጃ

የክሊኒኩን የታካሚዎች መዝገብ ፕሮግራም የጻፈችውን ሴት ባልደረቦቿ «እንዝርት» ይሏታል። ወንበር ላይ አሥር ደቂቃ ከቆየች ብዙ ነው፤ ስታስብ ክፍሉን ወዲያ ወዲህ ትለዋለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ!» ይላታል አለቃዋ።

ፕሮግራሙ ሲታይ ቀላል ነው። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ የምትጠይቀው ሁሉ ከአንድ ትእዛዝ ጋር መዝገቡ ወደተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። ጌት መረጃ ያሳያል፣ ፖስት አዲስ ታካሚ ይመዘግባል፣ ዲሊት ይሰርዛል። ለማስተካከል ግን ሁለት አሉ፦ ፓች የተባለውን ቦታ ብቻ ሲነካ፣ ፑት የነበረውን በሙሉ አንስቶ በተላከለት ይተካል። እንዝርት ቸኩላ ነበርና ማስተካከያውን ሁሉ ለፑት ሰጠችው። ሠራተኛዋ የምትሞላው የማስተካከያ ገጽ ደግሞ የሚልከው ስም፣ አድራሻና ስልክ ብቻ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ደወለች።

«እህቴ፣ የአንድ አባትን ስልክ ስቀይር ‹ፔኒሲሊን አይስማማቸውም› የሚለው ጠፋብኝ። ምን አጥፍቼ ነው?»

እንዝርት ከወንበሯ ብድግ አለች። «ያጠፋሁትስ እኔ ነኝ። ሰውየው የት ናቸው?»

«መርፌ ክፍል ገብተዋል።»

«ሩጪ!»

ሠራተኛዋ ስልኩን ሳትዘጋ ሮጠች። እንዝርት ጠረጴዛዋን ስትዞር፣ ስትዞር ቆየች። በመጨረሻ የሚያለከልክ ድምፅ መጣ። «ተርፈዋል! ራሳቸው ‹ልጄ፣ ፔኒሲሊን እንዳትሰጪኝ› ብለው ለነርሷ ነግረዋታል።»

እንዝርት ግን እፎይ አላለችም። ሁሉም ታካሚ አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ ሕፃን አለ፣ ራሱን ስቶ የሚመጣ አለ። ማስተካከያውን ወደ ፓች እንዳዞረች ቦርሳዋን አንጠልጥላ ክሊኒኩ ሄደች። የሠላሳ ሰባት ሰዎች መዝገብ ተነክቷል። ሁለቱ ሴቶች ከድሮው የወረቀት ካርድ ጋር እያመሳከሩ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ በአንድ ሞሉት። የአንዲት እናት ካርድ ግን የበላው ጅብ አልጮህ አለ፤ ስልካቸውም አይነሳም። እንዝርት አድራሻቸውን ይዛ ቤታቸው ድረስ ሄደች።

«ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ደግሞ ቤት ለቤት ይዞራል?» አሉ በሩን ከፍተው።

«የኔ ዓይነቱ ይዞራል፣ እማማ። የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?»

«መድኃኒትስ ሁሉም ይስማማኛል። የማትስማማኝ ምራቴ ናት።»

እንዝርት በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ግቢ፣ አረፍ በይ» ቢሏትም አልቻለችም። ይህን ፕሮግራም በጻፈችበት ሰሞን፣ በዚያው ችኮላ የጻፈችው የሌላ ክሊኒክ ፕሮግራም ትዝ ብሏት፣ እየተሰናበተች ደረጃውን መውረድ ጀምራ ነበር።