ከነገሌ በቀር ሁሉን የሰጡ መምህርት

ቲቸር ወለተሐና ነገሌ ቦረና የመጡት በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ እንግሊዝኛ ሊያስተምሩ ነው። ጥቂት ቆይቼ እዛወራለሁ ብለው ነበር። እዚሁ አግብተው፣ እዚሁ ወልደው፣ ባላቸውን እዚሁ ቀብረው፣ እዚሁ ጡረታ ወጡ። ጡረታው ግን ለስሙ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያው ጀርባ ባለችው የንባብ ክፍል ልጆች ሰብስበው ያነባሉ። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ልጄን ላደርስ እሄድና እዚያው ተቀምጬ እቀራለሁ።

መጻሕፍቱ የእርዳታ ናቸው። የጥንት ግሪኮች ተረት ለዘመኑ ልጆች እንደገና ተጽፎ አንድ ካርቶን ሙሉ መጥቷል። ቲቸር እንግሊዝኛውን እያዩ በአማርኛ ያወሩታል፤ መሀል ላይም ኦሮምኛ ጣል ያደርጋሉ። እኔን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጻሕፍቱ ያናድዱኛል። ሁሌም በትምህርት ቤቱ ማንም የማይወደው አንድ ልጅ አለ፤ አባቱ አይታወቅም። ትንሽ ቆይቶ አባትየው አምላክ ሆኖ ይገኛል። ልጁ ቀልደኛ ጓደኛ አለው፤ ደግ የሚመስለው አስተማሪ ደግሞ ከጭራቁ ጋር ያበረ ነው። የድሮዎቹ ግሪኮች እንዲህ አልነበሩም፤ የእነሱ ጀግና ተሳስቶ የገዛ ቤቱን የሚያፈርስበት ጊዜ ነበር። የዛሬዎቹ ጸሐፊዎች ልጆች እንዳይደነግጡ ብለው ሁሉንም በአንድ ልክ ሰፉት።

ልጆቹም ነቁ። በተለይ ሚልኪ የምትባል ቀጭን ልጅ ገና ገጹ ሳይገለጥ "ቲቸር፣ ከዳተኛው አስተማሪው ነው" ትላለች። ወዲያው መሰላቸት መጣ፤ ክፍሉም እየሳሳ ሄደ። ቲቸር በጣም ከፋቸው። ከነዚህ ልጆች ሌላ ነገሌ ውስጥ የሚያጫውታቸው የለም። አንድ ልጃቸው ገብረአምላክ ሐዋሳ ነው የሚኖረው፤ በደወለ ቁጥር "እማዬ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ነይ" ይላቸዋል።

ከዚያ አንድ ዘዴ መጣላቸው። የእንቆቅልሹን ደንብ በመጽሐፉ ላይ አመጡት። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ይዘጉና መጨረሻውን ይጠይቃሉ። ያወቀ ልጅ ከእሳቸው አገር ይቀበላል፤ የሳተ ደግሞ አገር ይሰጣቸዋል። በነዚያ መጻሕፍት ማን ይስታል? ከአገሮቻቸው ፊልቱ ሄደች፣ ያቤሎ ሄደች። ሞያሌንም ሐዋሳንም ሚልኪ ወሰደች። ወሬው ተሰምቶ ከሌላ ሰፈር ሁሉ ልጆች ይጎርፉ ጀመር፤ ቲቸርም እየከሰሩ ወዛቸው ተመለሰ።

በመጨረሻ እጃቸው ላይ የቀረችው ነገሌ ብቻ ሆነች። "ነገሌን የተነጠቅሁ ቀን ሻንጣዬን ይዤ ሐዋሳ ልጄ ጋ እገባለሁ" አሉ እየሳቁ። ልጆቹ ሳቁ። ሚልኪ ግን አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም። ገብረአምላክ በሚቀጥለው ሳምንት መኪና ይዞ ሊወስዳቸው እንደሚመጣ ነግረውኛል፤ ቆርጠው እምቢ እንዳላሉትም አውቃለሁ።

በቀጣዩ ቅዳሜ የተነበበው፣ በአንድ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ስለሚኖር የበሬ ራስ ያለው ጭራቅ ነበር። ልጁ መመለሻው እንዳይጠፋው ክር እየዘረጋ ወደ ጨለማው ገባ። ቲቸር መጽሐፉን ዘጉ።

"እሺ ሚልኪ፣ መጨረሻው ምን ይሆናል?"

ይህን በር ላይ የቆመው የባጃጅ ሹፌር እንኳ ይመልሰዋል። ሚልኪ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

"ክሩ ይበጠሳል" አለች። "ጭራቁም ልጁን ይበላዋል።"

ክፍሉ በጉርምርምታ ተሞላ። ልጄ "እያወቀች ነው!" ብሎ ሲነሳ ጎትቼ አስቀመጥኩት። ቲቸር መነጽራቸውን አውልቀው ትኩር ብለው አዩዋት።

"ስተሻል" አሉ ቀስ ብለው። "በይ አገር ስጪኝ።"

"የቱን?"

"ሐዋሳን።"

"ሂንኬኑ ቲቸር። አልሰጥም" አለች ሚልኪ፣ መሬት መሬቱን እያየች። "ሐዋሳ የኔ ናት። ሞያሌን ይውሰዱ።"

ቲቸር ሞያሌን ተቀበሉ፤ ዓይናቸውንም በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ገብረአምላክ እንዳለው መኪናውን ይዞ መጣ። ምሳውን አብልተው ሸኙት። ለምን እንደማይሄዱ ሲጠይቃቸው እኔም አጠገባቸው ነበርኩ።

"የሐዋሳ ባለቤት አልፈቀደችልኝም" አሉት።