የአምባዛው ቅርፊት

በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር ባዮሎጂ ላስተምር እንደተመደብኩ፣ ሰሌዳ ላይ የሣልኩትን ዓሣ ተማሪዎቼ «ጫማ ነው» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ አልወድም። እልህ ያዘኝና ይፋግ ለሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ከጣና እውነተኛ ዓሣ እንዲያመጣልኝ አደራ አልኩት።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ክንዴን የሚያህል አምባዛ አስረከበኝ። ከጧት ጀምሮ ከውኃ ወጥቶ ስለነበር ሞቷል ብዬ፣ በደባልነት ያስጠጉኝን ባልቴት ሳፋ ሳላስፈቅድ አንስቼ አጋደምኩት። ያኔ ትርፍ ቤት ሁሉ በቀበሌ እጅ ነው፤ እሳቸው ካስወጡኝ ማደሪያ የለኝም።

አምባዛው አልሞተም ነበር። ከሳፋው ተወርውሮ ወጣና በጎን ክንፎቹ መሬቱን እየቧጠጠ፣ ደጃፍ ተቀምጠው ዳዊት ወደሚደግሙት ባልቴት አመራ። እሳቸውም አማተቡ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነው፣ እማማ።»

«ቅርፊቱ የታለ?»

ጎንበስ ብዬ በጆንያው አፈፍ አደረግኩት፤ ገላው ልሙጥ ነው፣ ቅርፊት የለውም።

«ቅርፊት የሌለውን አትብላ፣ በድኑንም ተጸየፍ ይላል ኦሪቱ። አንቺ ስንዴ በማጥብበት ሳፋ አስተኛሽው። በይ፣ እሱንም ጓዝሽንም አውጪ።»

ጥፋቱ የኔ ነበር። ጆንያውን ታቅፌ ወደ ክፍል ሄድኩ፤ ስደርስ ነፍሱ ወጥታ ነበር።

ከተማሪዎቼ ጋር ጺሙን ቆጠርን፤ ስምንት ነው። ዓይኑ ከምስር ብዙም አይበልጥም፤ በደፈረሰ ውኃ የሚያድነው በጺሙ እየዳበሰ ነው። ጥርሱ እንደ ሞረድ ይሻክራል፤ ያዝ ለማድረግ ብቻ ነው፣ ማኘክ የሚባል ነገር አያውቅም። ውኃ ውስጥ ከሚተነፍስበት ከስንጥቡ በላይ ቅርንጫፍ የሚመስል ቀይ ሥጋ አገኘን፤ አየር የሚስብበት ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ያለ ውኃ የቆየው ለካ በዚህ ኖሯል። ሆዱን ስንቀደው ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ ሙሉውን ዱብ አለ፤ ቅርፊቱ እንዳለ ነው። ቁርጥ ያንን ሰሌዳ ላይ የሣልኩትን ዓሣ ነው።

«ጫማው ይኸውና» አለ ከኋላ አንዱ። ቢሆንም ደስ አለኝ።

ደስታዬ ቤት እስክደርስ ነበር። ፍራሼ ደጅ ወጥቷል።  ደጃፍ የተቀመጡት ባልቴት እግር ላይ ወድቄ ልለምናቸው እያሰብኩ፣ አፌ ግን ቀደመኝና «ቅርፊቱ ይኸው» አልኩ፤ ከክፍል ይዤው የመጣሁትን ቆሮሶ ከወረቀት ፈትቼ።

መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት።

«የት ተገኘ?»

«አምባዛው ሆድ ውስጥ።»



«እሱስ ቅርፊት ያለውን መርጦ ነው የበላ። ሕጉን ካንቺ ይልቅ ያውቃል» አሉና መልሰን እንድናስገባው የፍራሼን አንድ ጫፍ ያዙልኝ። ሳፋው ግን ደጅ ቀረ።