ከአውሮፕላን ጋር የተሽቀዳደምኩበት ቀን

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ታቦር ላይ ለሰፈረው ጦራቸው አስተርጓሚ ነበርኩ። ቋንቋውን የለመድኩት አሥመራ በቀን ሥራ ሳለሁ ነው። እንጀራዬ ነው ብዬ ያዝኩት እንጂ ብዙም አላሰብኩበትም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ስትወጣ፣ የጣሊያኑ ሹም አስጠራኝ። ፊቱ አንድ ባንዳ ቆሟል።

"የእብናት ገበያ ዛሬ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ጠይቀው" አለኝ።

"ስድስት ሰዓት ላይ" አለ ባንዳው። "አርበኞቹም ስንቅ የሚሸምቱት ያን ጊዜ ነው።"

አፌ እንደለመደው ተረጎምኩ። ሹሙ ወዲያው ወደ ስልከኛው ዞረ፤ ገበያውን የሚደበድብ አውሮፕላን አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከጎንደር እንዲነሣ አዘዘ። ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

እህቴ የተዳረችው እብናት ነው። በየገበያው ቅቤ ትሸጣለች።

ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ ወጣሁ። ዘበኞቹ እንዳይጠረጥሩኝ ከተማውን እስካልፍ በቀስታ ተራመድኩ፤ ከዚያ ሮጥኩ። እብናት ለብርቱ እግረኛ የቀን መንገድ ነው። እኔ ግማሽ ቀን እንኳ አልነበረኝም። ዳገቱን በእጄም በእግሬም ወጣሁት። ቁልቁለቱ ላይ ወድቄ ጉልበቴ ተላጠ፤ እያነከስኩ ቀጠልኩ። ገበያው ከሩቅ የሚታይበት ጋራ ላይ ስደርስ ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ልትደርስ ነው።

እዚያው አንድ ሽማግሌ ያርሳሉ።

"አባቴ፣ ወደ ገበያው ይጣሩልኝ! አውሮፕላን ሊመጣ ነው፣ ይበተኑ ይበሏቸው!"

ካኪ ኮቴንና የወታደር ጫማዬን አዩ። "አንተ የማን ነህ? ሰዉን አስበርግገህ ለጌቶችህ ልታስይዝ ነው?"

"እህቴ እዚያ ናት፣ አባቴ።"

"አውሮፕላኑ የት ደርሷል?"

"ከጎንደር ተነሥቶ እብናት እስኪደርስ፣ እርስዎ ይህችን ቁራጭ ማሳ አርሰው አይጨርሱም።"

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ሞፈሩን ለቀቁ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተጣሩ። ከማዶው ጋራ አንዲት ሴት ጥሪውን ተቀበለቻቸው፤ ከእሷ ደግሞ ሌላ ሰው። ድምፁ ከእኔ እግር ቀድሞ ወረደ። ገበያው እንደ ተነካ የጉንዳን ቤት ሲተራመስ ከላይ አየሁት። ሰው ወደ ገደሉ፣ ወደ ቁጥቋጦው ሮጠ። ወዲያው የአውሮፕላኑ ድምፅ መጣ። ሽማግሌው ክንዴን ጨብጠው መሬት ላይ አስተኙኝ። ሦስት ጊዜ ምድር ተንቀጠቀጠች።

እህቴን ያገኘኋት ሸለቆ ውስጥ ነው፤ አፈር ለብሳለች እንጂ ደህና ናት። አንዲት ሸክላ ሠሪ ግን ጋኖቼን ጥዬ አልሄድም ብላ ቀርታ ሞተች።

ሰዓቱን የተረጎምኩት እኔ መሆኔን ለእህቴ ነገርኳት።

"ለሌላ ሰው እንዳትናገር" አለችኝ።

አልተናገርኩም። ማታውን፣ "ነፍሳችንን አተረፍክ" እያሉ ከሚያመሰግኑኝ ሰዎች ጋር የሸክላ ሠሪዋን መቃብር ቆፈርኩ።