ወንድሜ ያለችው ሰው

ልብስ መተኮሻ ቤት አብረዋት የሚሠሩት «ካውያ» ይሏታል። አንድም የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ስለምትውል፣ አንድም ቶሎ ስለምትግል ነው። ዛሬ ጠዋት ጋብቻ መመዝገቢያው ቢሮ ውስጥ ውሃ ጠብ ቢያደርጉባት ቸስ ትል ነበር።

ንዴት ሲያንሳት ነው። አገሩ ለእሷ አዲስ ነው፤ ግን አምጪ ያሏትን ሁሉ አምጥታለች። አላገባችም የሚል ማስረጃ ከትውልድ አገሯ አስልካ፣ አስተርጉማ፣ ማኅተም አስመትታለች። ሆዷ ገፍቷል። ጋብቻው ሳይመዘገብ ከወለደች በልጁ የልደት ወረቀት ላይ የአባት ቦታ ባዶ እንደሚቀር ነግረዋታል። አባትየው ደግሞ የት ሄዶ? ይኸው አጠገቧ ቁጭ ብሎ የሾፌር ቆቡን ያሽከረክራል!

መዝጋቢዋ ሴትዮ አንድ የቆየ ፋይል ገልጣ አነበበችና ለአስተርጓሚው የሆነ ነገር አለችው።

«ወንድምሽን ማግባት አትችይም ነው የምትለው» አለ አስተርጓሚው።

የሾፌሩ ቆብ ከእጁ ወደቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካውያ እዚህ አገር የገባች ሰሞን መንገዱ ሲጠፋት አይቶ የስደተኞች መመዝገቢያ ድረስ ያደረሳት ይኸው ሾፌር ነበር። «ማን ነው ያመጣሽ?» ሲሏት፣ እንደ ጨዋ ልጅ «ወንድሜ ነው» አለች። ታዲያ ምን ትበል? «ሰውየው» ትበለው? ያን ቀንም ያስተረጎመላት ይኸው አስተርጓሚ ነው፤ ቃሉን እንዳለ ገለበጠው፣ «ወንድም» ተብሎ ተጻፈ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፣ የሁለቱ አባቶች ሞክሼ ናቸው። እዚህ አገር ደግሞ ሁለተኛው ስም የቤተሰብ መጠሪያ ነው።

«አባቶቻችን ሞክሼ ናቸው በላት እንጂ!» አለች ካውያ።

«ምስክር ካላችሁ ይናገር ትላለች።»

ምስክር አላቸው። የካውያ አጎት፣ የእናቷ ወንድም፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተው መጥተዋል። ተነሥተው ኮታቸውን ቆለፉ። ሾፌሩን እንዴት እንደሚያውቁት ተጠየቁ።

«እሱን? ኧረ እሱማ ልጄ ነው!» አሉ ደረታቸውን መታ መታ እያደረጉ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የአጎቷ ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፋቸው ግን ዛሬ አመለጠ። አስተርጓሚው ተረጎመ፣ መዝጋቢዋ ጻፈች።

«ወንድምሽ ነው ወይስ የአጎትሽ ልጅ? ተስማምታችሁ ኑ ትላለች።»

ካውያ ቱግ አለች። «አንተ! እናትህ የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ ‹ልጄ› ስትል አልሰማህም? ‹ልጄ› ምን ማለት እንደሆነ ዛሬ ጠፋህ?»

«እኔ የተባለውን ነው የምለው። ሥራዬ ነው።»

ሴትዮዋስ ባታውቅ ነው፤ ካውያ እሷን አልተቀየመችም። ደሟን ያፈላው ይህ እያወቀ እንደማያውቅ የሚሆነው ሰው ነው። በእሱ አፍ ገብታ፣ በእሱ አፍ የገዛ ባሏ እህት ሆና ልትወጣ!

መዝጋቢዋ ፋይሉን ዘጋች። አስተርጓሚው ወደ ካውያ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አይዞሽ እህቴ፣ ሌላ ቀን ትመጫለሽ።»

«ተርጉም!» ብላ ጮኸች። ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ። «አሁን ያልከኝን ተርጉምላት! ‹እህቴ› ብለኸኛል! የተባለውን አይደል የምትለው? በላት!»

መዝጋቢዋ ቀና ብላ አስተርጓሚውን አየችው። ምን እንደተባለ መጠየቋ ነበር። የሰውየው ግንባር በላብ ራሰ። ከዚያ ማስረዳት ጀመረ፤ ጣቱን ወደ ራሱ፣ ወደ ካውያ፣ ወደ አጎቷ፣ ወደ ሾፌሩ እየጠቆመ ለፈለፈ። መዝጋቢዋ ፋይሉን መልሳ ገለጠች፣ «ወንድም» የሚለውን ሰረዘችና እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች።

«ታዲያ ይህ ሰው ምንሽ ነው? ትላለች» አለ አስተርጓሚው፣ ድምፁ ሰልሎ።

ካውያ ገና አልበረደላትም። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«የልጄ አባት ነው በላት። እንዳለ ተርጉመው፤ ይኼኛው ‹ልጄ› የምር ነው።»