ጭልፊቱ፣ ካሜራውና ግራ ዓይኔ

ግራ ዓይኔ ደህና የነበረበት የመጨረሻው ቀን የሁዳዴ የመጀመሪያ ሳምንት ዓርብ ነው። የዚያን ቀን ምንም የተለየ ነገር አልሠራሁም። ጠዋት የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ስቆራርጥ ቆየሁ፤ የሙሽሪት አፍንጫ ላይ ያረፈውን የኬክ ክሬም ላውጣው ወይስ ልተወው እያልኩ። ከሰዓት እናቴ ሽሮ አስፈጭ ብላ ላከችኝ። ከወፍጮ ቤት ስመለስ ጎበዜ የውሃ ታንከሩ ላይ ቆሞ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ሥጋ እንዳልያዝኩ ሲያውቅ ፊቱን አዞረብኝ።

ጎበዜ ጭልፊት ነው። የጌጃ ሰፈር ሰው አሞራ ይለዋል። ወንድሜ ዮሴፍ በሕይወት እያለ እንዲህ የሚለውን ሁሉ ያርም ነበር። ዮሴፍ ታላቄ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከልደታ ማርያም ወረድ ብሎ አንድ ዛፍ ሲቆረጥ ጫጩቱን ከመሬት አንሥቶ ወደ ግቢያችን አመጣው። በብየዳ ጓንት ላይ ሥጋ እያስቀመጠ፣ ሲያፏጭለት እንዲመጣ አስተማረው። እሱ ያሠለጥናል፣ እኔ እቀርጻለሁ፣ ሰው በስልኩ ያያል። እንዲህ ነበር የምንሠራው።

ዮሴፍ ባለፈው ጥቅምት ታምሞ በአራት ቀን ሞተ። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም። ለቀብሩ ቪዲዮ የተጠራው ልጅ ስለቀረ ካሜራውን እኔ ያዝኩት። የሚቀርጽ ሰው አያለቅስም፤ ካለቀሰ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ አላለቀስኩም። ከዚያ በኋላም አልመጣልኝም። ጎረቤት ታዝቦኛል።

ዮሴፍ አንድ ምስል በጣም ይመኝ ነበር፤ ጎበዜ ፊት ለፊት ወደ ካሜራው ሲመጣ። ግን ራሱ ይፈራው ነበር። ጎበዜን ሳያበላ አያስቀርጸኝም፣ ከሦስት እርምጃ ባነሰ ርቀትም አያስጠጋኝም። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ያንን ምስል ልጨርስለት ተነሣሁ።

ችግሩ ጾሙ ነው። እናቴ በሁዳዴ ጥሬ ሥጋ በዚህ በር አይገባም ብላለች። ዮሴፍ ቢኖር በጓሮ ያስገባው ነበር። ለጎበዜ የሥጋ ቁርጥራጭ የሚሰጡን ጎረቤታችን ጋሼ ሰይድም፣ የብረት ሥራ ቤታቸውን ዘግተው ዘመድ ጥየቃ ወሎ ሄደዋል። እኔ እንጀራ በሽሮ አቀረብኩለት። አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። እንዲህ አምስት ቀን ሆነው። እኛ ጾመናል፤ እሱ ግን የተበደለ ነው የመሰለው።

ካሜራዬ ላይ ያለው ማይክ የነፋስ ድምፅ እንዳይገባበት ጸጉራም ሽፋን አለው። ግራጫ ነው። መጠኑ የዓይጥ ነው። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ካሜራውን ግራ ዓይኔ ላይ አደረግሁ። አፏጨሁ። መጣ። ምስሉ ጥሩ ነበር። ትልቅ ሆነ። በጣም ትልቅ ሆነ። ከዚያ ካሜራው ከፊቴ ተገፋ፤ ምንም አልታየኝም። ጉንጬ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ወረደ። ደም ነው።

በቀኝ ዓይኔ ስፈልገው ጎበዜ የማይኩን ሽፋን ይዞ የመብራት ምሰሶ ላይ ወጥቷል። ጸጉሩን አንድ በአንድ ነቀለው፣ በሥርዓት። ውስጡ ስፖንጅ መሆኑን ሲያውቅ ጣለውና እንደ አጭበርባሪ ነጋዴ አየኝ።

የእኔ ጥፋት ከዚህ ይጀምራል። ደሙ ቶሎ ስለቆመ በውሃ ታጥቤ ቤት ተቀመጥኩ። እሑድ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ መሰለኝ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች የአራስ ጡት ወተት ጠብ ይደረግበት አሉ፤ አራሷንም ራሳቸው መረጡ። እኔ አፈርኩ። ማፈሬ ጠቀመኝ። ሰኞ ዓይኔ አልገለጥ አለ። ብርሃን እንደ መርፌ ወጋኝ። እናቴ እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

የዓይን ሐኪሟ ምን እንደወጋኝ ጠየቁኝ።

«ጭልፊት ነው፣ ዶክተር።»

«ዛፍ ላይ ወጥተህ ነው?»

«አይ፣ እቤት። ቪዲዮ እየቀረጽኩት።»

ዶክተሯ እናቴን አዩ። እናቴ ወለሉን አየች።

ጥፍሩ ኮርኒያውን፣ ማለት የዓይኔን የፊት መስታወት፣ ጭሮታል። ቁስሉ ኢንፌክሽን ይዟል። ፈንገስም ሊሆን ስለሚችል ናሙና ወሰዱ። የቴታነስ መርፌ ተወጋሁ።

«ሁለት ቀን ቤት ተቀምጠሃል» አሉ ዶክተሯ። «ዓይኑን ልናጣው እንችላለን። ጠብታውን አንድ ሰዓት እንኳ እንዳትዘል።»

ፈራሁ። እኔ የማውቀው ሥራ ማየት ብቻ ነው። እናቴ ስልኳን በየሰዓቱ እንዲጮህ አደረገችው። ጠብታው ያቃጥላል። ዓይኔ ሳያቋርጥ ያነባል። ቆጠርኩ፤ ጠበቅሁ፤ ሌላ ምንም አልሠራሁም።

ረቡዕ እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ሶፍት ይዤ ዓይኔን ስጠርግ አዩኝ። ፈጥነው ሄዱ። ከሰዓት አምስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ ይዘው ገቡ። ልጁ በመጨረሻ ለወንድሙ አለቀሰ ተብሎ ተወርቷል። እትዬ ዘነበች ራሴን ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ «አልቅስ ልጄ፣ ይውጣልህ» አሉኝ። ጭልፊት ነው አልኳቸው። «አዎ፣ የወንድምህ ጭልፊት» ብለው እሳቸው ባሰባቸው። አምስቱም አለቀሱ። በመሀል የእናቴ ስልክ ጮኸ፤ ለቅሶው ቆሞ ጠብታዬ ተደረገልኝ፤ ከዚያ ቀጠለ።

ሲወጡ እናቴን እውነቱን ለምን አትነግሪያቸውም አልኳት።

«ተዋቸው» አለች። «ቀልሏቸው ነው የሄዱት።»

በሁለተኛው ሳምንት ሕመሙ መቀነስ ጀመረ፤ መጀመሪያ የመስኮቱን ብርሃን፣ ቀጥሎ የእናቴን ቅርጽ፣ ከቀናት በኋላ ደግሞ የቀሚሷን አበቦች አንድ በአንድ ለየሁ፣ ጋሼ ሰይድም ከወሎ ተመልሰው ጎበዜን ወደ ሥራ ቤታቸው ወስደው ሲያበሉት እንደሰነበቱና ጋሻ ጃግሬያቸው እንደሆነ ሊነግሩኝ እየመጡ ያጫውቱኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዶክተሯ ቀኝ ዓይኔን ሸፍነው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ አስነበቡኝ። ከታች ሁለት መስመር ብቻ አቃተኝ።

«ጠባሳ ይቀርሃል» አሉ። «ግን ዓይንህ ተርፏል።»

ሽፋኑን ሲያነሡልኝ ፊቴ ርሶ ነበር። በባትሪ ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ።

«የግራው ይገባኛል። ቀኙ ምን ሆነ?»

የወንድሜን ቀብር እኔ እንደቀረጽኩት፣ ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ ብዬም እንዳላለቀስኩ ነገርኳቸው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዶክተሯ ሶፍቱን ወደ እኔ ገፉልኝ።

«ቀኙን ተወው» አሉኝ። «እሱ ደህና ነው።»

እርሳቸውን፣ በየሰዓቱ የነቃችውን እናቴን፣ ጋሼ ሰይድንና ላልሞተ ዓይኔ ንፍሮ ያመጡልኝን ሴቶች አመሰግናለሁ። ሥልጡን አሞራ፣ ይቅርታ፣ ጭልፊት የምትቀርጹ ልጆች ካላችሁ፣ የራበውን አትቅረጹ። ጸጉራም ነገር ፊታችሁ አጠገብ አታድርጉ። ዓይናችሁ ከተነካ ግን ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ዓይን ውስጥ ሐኪም ያላዘዘው ነገር አይገባም፤ ጎረቤት ቢቀየምም።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሼ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። ብረት ሲቆርጡ የሚያደርጉትን ትልቅ መነጽር አጠለቁልኝና፣ «አሁን ገና የወሎ ሽማግሌ መሰልክ» ብለው ሳቁብኝ። ካሜራ አልያዝኩም። ጓንቱ ላይ ሥጋ አድርጌ አፏጨሁ። ጎበዜ መጣ፤ ሥጋውን ጨረሰ፤ ግን አልሄደም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ በመነጽሩ ውስጥ አየኝ። እኔም አየሁት። በሁለቱም።