አማት ባወጣችው ስም ፍለጋ

ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ገበያ ዳር ስልክ እየጠገንኩ እኖራለሁ፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን በጥገናዬ አይደለም። ስክሪን ስቀይር አንዳንዴ የባሰ ሰብሬ እመልሳለሁ፣ ምን ልደብቀው። የሚያውቁኝ ሰው ፈልጎ ያገኛል እየተባልኩ ነው። ካርቱም ላይ ተኩስ ከተነሳ ወዲህ የተበታተነው ሰው የሚመዘገብበት አንድ ድረ ገጽ አለ፤ በአረብኛም በአማርኛም ይጻፍበታል። ዘመዱ የጠፋበት የሰሊጥ ሠራተኛ፣ ከካምፕ የሚመጣ የትግራይ ሰው ሳይቀር፣ እኔ ዘንድ ይመጣል። እኔም ኮራ ብዬ የመፈለጊያውን ሳጥን እከፍታለሁ።

መኩራቴ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሰዉ ሳጥኑን እንደ ዳኛ ነው የሚያየው፤ አቤቱታ ይጽፍበታል። አንዱ የጭልጋ ሰው «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ጀምሮ፣ ወንድሙ መቼ እንደሄደና ምን ለብሶ እንደነበረ ሁሉ ዘርዝሮ፣ ሳጥኑ ምንም አልተገኘም ሲለው ተቀይሞ ስልኩን አጠፋው። ይህ ነገር ሰላምታ አይቀበልም እላቸዋለሁ። ስሙን ብቻ ጻፍ። ካልመጣ የአባቱን ስም ተወው፣ መዝጋቢው ሳይጽፈው ቀርቶ ይሆናል። ብዙ ከመጣብህ ደግሞ ቦታ ጨምርበት፤ ኒው ሀልፋ በል፣ ኸሽም ኤል ቂርባ በል። አዲስ ፍለጋ ከመጀመርህ በፊት የትናንቱን ማጣሪያ አጥፋ። «ሴት» የምትለዋ ምልክት ተመርጣ ቀርታበት ወንድሙን ሁለት ቀን ሙሉ ያጣ ሰው አውቃለሁ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ፣ ግን ለደንበኛ አልነግርም።

እማማ የመጡት የሰሊጥ አጨዳ ሊያልቅ ሲል ነው። የመተማ ሰው ናቸው፤ የሚፈልጉትም ምራታቸውን ነበር። ባሏ፣ የእማማ ልጅ፣ ከጦርነቱ በፊት እርሻ ላይ በወባ ሞተ። ከዚያ ምራታቸው ሴት ልጇን ለአማቷ ትታ ካርቱም ሰው ቤት ሥራ ገባች። እማማና የልጅ ልጃቸው ሾዋክ ከተማ ቀሩ። ጦርነቱ በመጣ በጥቂት ቀን የእማማ ስልክ መናኸሪያ ውስጥ ተሰረቀ፤ የምራታቸው ቁጥርም አብሮ ሄደ። በኋላ ሥራ ፍለጋ ልጅቷን ይዘው ገዳሪፍ ገቡ። የምራታቸው ወሬ ግን የለም።

«አጨዳው ሲያልቅ ካገሬ ሰዎች ጋር እሻገራለሁ» አሉኝ። «በሕይወት ካለች እዚሁ ልጠብቃት። ከሞተች አገሬ ገብቼ እርሟን ላውጣ። ቁርጡን ንገረኝ፣ ልጄ።»

እርም ማውጣት ጨዋታ አይደለም። ድንኳን ይጣላል፣ ለቅሶ ይቀመጣሉ፣ ልጅቷም እናትሽ ሞታለች ትባላለች። የምራታቸው መሞትም መኖርም በእኔ አፍ ሆነ። ፈራሁ፤ ግን ፍርሃቴን በኩራት ሸፍኜ ስሟን ጠየቅኳቸው።

ነገሩኝ፣ ጻፍኩ። የለም። በአረብኛ ጻፍኩት፣ የለም። ቦታ ጨመርኩ፣ ቀነስኩ፣ ማጣሪያ አጠፋሁ። ሸበካው፣ ኔትወርኩ ማለቴ ነው፣ በጠፋ ቁጥር አብረን ቁጭ ብለን ጠበቅነው፤ ሲመለስም የለም። እማማ በየቀኑ ከሰዓት ልጅቷን ይዘው እየመጡ የስልክ ሽፋን ከሰቀልኩበት ግድግዳ ሥር ይቀመጡ ነበር። በአምስተኛው ቀን መረረኝ። እማማ፣ ስንት ጊዜ ልጻፈው፣ የለችም ማለት ነው አልኳቸው። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

እማማ አልተቆጡኝም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙና፣ እሷ ራሷን በዚህ ስም የምትጠራ አይመስለኝም አሉኝ። እንዴት ብዬ ጠየቅሁ። እኔ ያወጣሁላት ነዋ አሉ።

ቂልነቴን እዚህ ላይ ነው ያየሁት። በእኛ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች። እናቴም አክስቴም አማት ባወጣችላቸው ስም ሲጠሩ ነው ያረጁት። ይህን እያወቅሁ፣ ሳጥኑ ፊት ስቀመጥ አገሬን እረሳለሁ መሰለኝ፣ አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። ያ ስም ከቤትና ከጎረቤት አያልፍም፣ መታወቂያ ላይም አይጻፍም። ሴትዮዋ መዝጋቢ ፊት ቆማ ስምሽ ማነው ስትባል የምትናገረው እናቷ ያወጣችላትን ነው።

«እና የእናቷ ቤት ስሟ ማነው?» አልኳቸው።

«የሰርጉ ለት ሲጠሯት ሰምቼ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ልጄ ያውቀው ነበር፣ እሱም ሄደ።» እንባቸው መጣ። «ስም ያወጣሁላት እኔ፣ ስሟን ያጠፋሁባትም እኔው።»

ዘመዶቿ አርማጭሆ ናቸው፤ ስልካቸውን የሚያውቅ የለም። ልጅቷን እናትሽ ማን ትባላለች ብዬ ጠየቅኳት። «ኡሚ» አለችኝ በአረብኛ፣ እናቴ ማለቷ ነው፣ ይህን ደግሞ የማያውቅ አለ ወይ በሚል ዓይን እያየችኝ።

ስልኩን አስቀመጥኩ። ሰውን ስመክር ከኖርኩት ሁሉ የሚበልጠው ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ሰው የሚገኘው ፈላጊው በሚያውቀው ቃል ሳይሆን መዝገቡ ላይ በተጻፈው ቃል ነው። ታዲያ ይህች ሴት አንድ ነገር ጽፋ ቢሆን ምን ብላ ትጽፍ ነበር? ለራሴ የጠየቅሁት ነበር፤ ጮክ ብዬ ኖሯል፣ እማማ ቀና አሉ።

«ምን ትላለች! ልጇን ነዋ የምትጠራ።»

ድረ ገጹ ሁለት ክፍል አለው። በአንዱ «እዚህ አለሁ» የሚሉ ይመዘገባሉ፤ በሌላው «ዘመዴን አፋልጉኝ» የሚሉ። ሳጥኑ ካልነገሩት በቀር የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያስሰው። ሁለተኛውን ከፍቼው አላውቅም ነበር፤ ፈላጊ ሁሉ እኔ ዘንድ ስለሚመጣ፣ ወዲያ ማዶም ፈላጊ አለ ብዬ አላሰብኩም። ለምራታቸው ግን የጠፉት እማማና ልጇ ናቸው። ስልካቸው አይጠራም፣ ሾዋክም የሉም።

«ሁሉም» የሚለውን ተጫንኩና የልጅቷን ስም ጻፍኩ። እሱ እንኳ አንድ ነው፤ እናትም አያትም የሚጠሯት በእሱ ነው። ሰባት ማስታወቂያ መጣ። ሾዋክ የሚለውን ስጨምርበት አንድ ቀረ። ከኒው ሀልፋ የተጻፈ ነበር፤ እማማ ማንበብ ስለማይችሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው።

«ሾዋክ የነበሩትን ልጄንና እናቴን ያየ ይንገረኝ።»

እማማ ፊታቸው ወደቀ። የእሷ እናት አርማጭሆ ናት፣ ሾዋክን ባይኗም አይታው አታውቅ፣ ይህቺ ሌላ ሰው ናት አሉ። ተነሥተውም የልጅቷን እጅ ያዙ።

«እማማ» አልኳቸው፣ «እናቴ ያለችው እርስዎን ነው።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ከማስታወቂያው ሥር የተጻፈውን ስም ሳነብላቸው ሁለት ጊዜ በአፋቸው ደገሙት። እሱ ነው አሉ፣ የሰርጉ ለት የሰማሁት እሱ ነው።

በቁጥሩ ደወልኩ። አንዲት ሴት አንስታ ማነው አለች በአረብኛ። ስልኩን ለእማማ አቀበልኳቸው። በእናቷ ቤት ስሟ ሊጠሯት ሲሞክሩ ከንፈራቸውን አየሁት፤ አልሆነላቸውም። በመጨረሻ የጠሯት ዘጠኝ ዓመት ሲጠሯት በኖሩበት፣ ድረ ገጹ አምስት ቀን ሙሉ የለም ሲለን በከረመው ስም ነው። ከወዲያ ማዶ የመለሰችላቸውን ከስልኩ ተርፎ እኔም ሰማሁት።

«አቤት፣ እምዬ።»