ለፓስፖርት አይደለም

ባለቤቴ ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። እዚህ አገር ከመጣን የተነሳው ሁሉ ለመታወቂያ ወይም ለፓስፖርት ነው። በሁሉም ላይ አፉን ገጥሞ፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ፊት ለፊት ያያል። ልጃችን ደግሞ ሥራዋ የሰው ፊት ማንሳት ነው፤ ያውም በሚታጠበው በድሮው ፊልም። በስልክ የሚነሳ እያለ ለምን እንደምትደክም ጠይቄያታለሁ። "ማሚ፣ ፊልም ሲሆን ሰው ይቀመጥልኛል" ትለኛለች። ገብቶኛል አልልም። ግን ሰው ይፈልጋታል፣ በሥራዋ ትኖራለች፤ ተመስገን።

አባቷን ለዓመታት ለመነችው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እሺ አላት። ሎንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ ያለው ቤታችን ብርሃን በደንብ የሚገባው በወጥ ቤቱ መስኮት ነው፤ ወንበር አስጠጋችለት። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መጣ። የአንገቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀጥ አለ።

"አባዬ፣ ለፓስፖርት አይደለም" አለችው።

ሳቀ። እኔ ድስት እያጠብኩ ነበር፤ ዞር ብዬ አየሁት። ሲስቅ ቀኝ ጉንጩ ይሰረጉዳል። ካሜራው ቀጭ አለ።

አንዱ ጥቅል ፊልም አሥራ ሁለት ፎቶ ይይዛል። መጀመሪያ ላይ አራት አምስቱን እየሳቀ ተነሳ። በኋላ ደከመውና አፉን ገጠመ።

ማክሰኞ ዕለት ፓርክ ሮያል የሚሠራበት መጋዘን ውስጥ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጁ፣ ቀኝ እግሩ፣ የፊቱ ቀኝ ጎንና ንግግሩ ሄዱ። ሆስፒታል ስንመላለስ ያ ፊልም ሳይታጠብ ፍሪጅ በር ላይ፣ ከእንቁላሉ አጠገብ ተቀምጦ ከረመ። ፍሪጁን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ።

ባለቤቴ ቤት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ልጄ መጣች። "ማሚ፣ ዛሬ አጥበዋለሁ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ማንም ባዝሩም እንዳይገባ" አለችኝ። ፊልሙን በጨለማ ውስጥ፣ ፕላስቲክ መጠምጠሚያ ላይ ጠምጥማ፣ ጥቁር ጣሳ ውስጥ ከታ ትከድነዋለች። እስኪከደን ድረስ ብርሃን ካየ ይቃጠላል። እሺ አልኳት። የማጠቢያ ኬሚካሎቿን ይዛ ገብታ ቆለፈች፤ በበሩ ሥር ፎጣ ስትጎሰጉስ ሰማሁ።

ወዲያው የውጭው በር ተንኳኳ። የጸሎት ቡድናችን ነበር። የታመመ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው በእኛ ዘንድ ደውሎ አይመጣም። አራት ነበሩ፤ አንዷ ሁላችንም እማማ የምንላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ታላቅ እናት ናቸው። እኔ ሎንደን ስገባ የማውቀው ሰው አልነበረኝም፤ ሦስት ወር ያሳደሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል። ባለቤቴ ላይ እጅ ጭነው ጸለዩለት። አሜን ከተባለ በኋላ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ።

"ባዝሩሙ በየት ነው ልጄ? ከስትሪትሃም ድረስ በሁለት ባስ ተንቀጥቅጬ ነው የመጣሁት።"

መታጠቢያውና ሽንት ቤቱ አንድ ላይ ነው፤ ያለንም አንድ ብቻ ነው። አሁን ሳስበው የምለው ሞልቶ ነበር። ከታች ያለችው ጎረቤቴ ደግ ሴት ናት፤ ደስ ብሏት ትከፍትልን ነበር። ያን ጊዜ ግን አልመጣልኝም። ለእሳቸው "ይቆዩ" የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

አንኳኳሁ። "ልጄ፣ ክፈቺ።"

"ማሚ፣ አልችልም! ፊልሙ ተጣብቆ አልጠመጠም አለኝ። አምስት ደቂቃ፣ ፕሊስ!"

እሳቸው ሳቁ። "ምንድነው የሚሸተው? አንቺ ልጅ፣ ጠላ እየጠመቅሽ እንዳይሆን!"

"ሲደርስ ጥሩን!" አለ አንዱ ወንድም ከሳሎን። ሁሉም ሳቁ፤ ከመካከላቸው ጠላ የሚቀምስ የለም።

ቆየን። ምርኩዛቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛውረው ግድግዳውን ተደገፉ። ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። ያ ነው የባሰብኝ።

"እማማ ቆመዋል። ክፈቺ ብዬሻለሁ!"

"የጣሳው ክዳን ወድቆ ጠፋብኝ፣ ማሚ!"

"ክፈቺ!"

ሦስት ጊዜ አዝዣት አላውቅም፤ ታዛዥ አድርጌ ነው ያሳደግኳት። ፎጣው ከበሩ ሥር ሲሳብ ሰማሁ። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ፊልሙን በሁለት ፎጣ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ጎንበስ ብላ "ይግቡ እማማ" አለቻቸው። ወደ መኝታ ቤት ሮጣ ጨለማ ፍለጋ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ገባች።

እማማ ሲወጡ መረቁኝ። "ታዛዥ ልጅ የሰጠሽ ጌታ ይባረክ" አሉ። አሜን አልኩ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሥራዋን ጨረሰች። ፊልሙ ከሻወሩ ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል። እኔ ኔጋቲቭ ማንበብ አላውቅም፤ በጣቷ አሳየችኝ። አንደኛው ጫፍ ጥቁር ሆኗል። ሲጠመጠም መጨረሻ የተነሳው ቀድሞ ይገባል፤ መጀመሪያ የተነሳው ከውጭ ይቀራል። ፎጣው በደንብ ያልሸፈነው እሱን ነው። አምስቱ ጠፍተዋል።

"ተመስገን፣ ሰባት ተርፏል" አልኩ። ከልማዴ ነው።

"ሳቁስ፣ ማሚ?"

አልጮኸችም። "ይቅር በይኝ" አልኳት። "እሺ" ብላ ገንዳውን ማጠብ ጀመረች።

ለመጸለይ ተንበረከክሁ። የሆነውን እንዳልሆነ አድርግልኝ ብሎ አይለመንም። የታመመ ይድናል፣ የጠፋ ይገኛል፤ የተቃጠለ ፊልም ግን ምን ተብሎ ይጸለይለታል? አሜን ሳልል ተነሳሁ። ሰባቱ ፎቶዎች ታትመው መጡ። ጥሩ ናቸው። ግን በሁሉም ላይ አፉን ገጥሟል።

ለእማማ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ሸክሜን በእርጅናቸው ላይ መጫን ነው። ልጄም አልነገረቻቸውም። ክረምቱ አልፎ ሊጠይቁን ሲመጡ እሷን ቤት አገኟት።

"እኔንም አንሺኝ እንጂ! ስሞት የባስ ካርዴን ፎቶ አሳድገው እንዳይለጥፉብኝ።"

ልጄ እኔን አየችኝ። ከዚያ "እሺ እማማ" አለች።

ያው ወንበር፣ ያው መስኮት። ባለቤቴ በተሽከርካሪ ወንበሩ በሩ አጠገብ ነበር። እኔ ሰሃን አጥባለሁ። እማማ ሻርፓቸውን አስተካክለው ደረቅ አሉ። ልጄ ካሜራው ላይ አጎንብሳ ብዙ ቆየች። የምትለውን አውቄዋለሁ፤ እንዳትለውም ፈለግሁ።

"እማማ፣ ለፓስፖርት አይደለም።"

እማማ ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። ቀጭ አለ።

ከኋላችን ድምፅ መጣ። ዞር አልን፤ ባለቤቴ ነበር። የፊቱ ግራ ጎን ወደ ላይ ተሰብስቧል፣ ቀኙ እንደነበረ ነው፤ እንባው ይወርዳል። ከታመመ ወዲህ ሳቁንና ለቅሶውን መለየት አይቻልም፤ ሐኪሞቹም ይህ ያለ ነው ብለውናል።

"ማሚ፣ ላንሳው?" አለችኝ ልጄ።

ያን ቀን ሦስት ጊዜ ክፈቺ ያልኩት እኔ ነኝ። "እኔን አትጠይቂኝ" አልኳት።

ሄዳ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች። "አባዬ፣ ላንሳህ?"

ግራ እጁ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ወደ አንገቱ ሄዶ የሸሚዙን ቁልፍ መፈለግ ጀመረ። ያገኘዋል፣ ያመልጠዋል፤ ያገኘዋል፣ ያመልጠዋል። እጄን በጉርዴ ጠረግሁና ሄጄ ቆለፍኩለት።